አሰልጣኙ ይሰናበት ወይስ ይቆይ? ዕድልንና ብቃትን ስለመለየት

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ወልድያ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ሞልቶ ነበር። እኔም በአንድ ቡና ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ከፊቴ ባሉት ሰዎች ትከሻ መካከል አንገቴን አስግጌ ጨዋታውን ተከታተልሁ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም ናይጄሪያን ይገጥም ነበር። በደርሶ መልስ ያሸነፈው ቡድን በቀጥታ ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ይሄዳል። ለዚህ ደረጃ የበቁት የአፍሪካ ቡድኖች ዐሥር ብቻ ሲሆኑ፣ አገራችን ከዓለም ዋንጫ ደጃፍ ይህን ያህል የቀረበችበት ሌላ ጊዜ የለም።

ከዕረፍት መልስ በኃይሉ አሰፋ ጎል ሲያስቆጥር ቤቱ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ ሲያደርግ ቤቱ ዝም አለ። መደበኛው ሰዓት ሊጠናቀቅ ሲል ይኸው ተጫዋች በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ሲጨምር ግን ዝምታው ወደ ቁጣ ተለወጠ። ኅዳር 7 ቀን በካላባር ከተማ በተደረገው የመልስ ጨዋታ ቡድናችን 2 ለ 0 ተሸንፎ በድምሩ 4 ለ 1 ከውድድሩ ወጣ። በዚያው ቡና ቤት፣ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ የተነሣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «አሰልጣኙ ይባረሩ ወይስ አይባረሩ?»

ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ አንተ የተማርህ ሰው ነህ፤ ፊዚክስ ሁሉን ይመዝናል ትላላችሁ። እስቲ ይህን መዝንልን» አሉኝ። በዚያ ሰዓት ተገቢ መልስ አልሰጠኋቸውም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን ለእርሳቸው የቀረበ መልስ ነው። ጥያቄው የኳስ ቢመስልም በውስጡ ያለው ጉዳይ በቤተ ሙከራ በየቀኑ የሚያጋጥመን ነው። አንድ ውጤት ስናይ ምን ያህሉ ከብቃት፣ ምን ያህሉ ከአጋጣሚ እንደመጣ በምን እናውቃለን?

ሁለት ዓይነት ስህተት

የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች የመሬትን ስበት በፔንዱለም ሲለኩ በመጀመሪያ የሚያስደነግጣቸው ነገር ልኬቱ በተደጋገመ ቁጥር ውጤቱ መለያየቱ ነው። አንዴ 9.6፣ አንዴ 9.9፣ አንዴ ደግሞ 9.7 ይመጣል። ሰዓቱን የያዘው እጅ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ይህ ዘፈቀዳዊ ስህተት ይባላል። አቅጣጫ ስለሌለው ልኬቱን ስንደጋግምና አማካይ ስንወስድ እየቀነሰ ይሄዳል። ነገር ግን ተማሪው የክሩን ርዝመት ከመጀመሪያው አሳስቶ ለክቶ ከሆነ ውጤቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሺህ ጊዜ ቢደጋግመውም አይስተካከልም። ይህ ስልታዊ ስህተት ይባላል። መድኃኒቱ መደጋገም ሳይሆን የስህተቱን ምንጭ ፈልጎ ማረም ነው።

አሁን በዚህ ዓይን የ2006ቱን የማጣሪያ ጉዞ እንመልከት። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የመሩት ቡድን በምድብ ጨዋታዎቹ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ስድስት ጊዜ ተጫውቷል። ሜዳ ላይ አምስቱን አሸንፎ በአንዱ አቻ ወጥቷል። 10 ጎል አስቆጥሮ 4 ጎል ብቻ ተቆጥሮበታል። ይሁን እንጂ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. በቦትስዋና ሜዳ 2 ለ 1 ያሸነፈበት ውጤት በፊፋ ተሰረዘ። ምክንያቱ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበት ተጫዋች በጨዋታው መሰለፉ ነው። ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተብሎ ተመዘገበ፤ ሦስት ነጥብም ጠፋ። ቡድኑ ምድቡን በ13 ነጥብ መሪነት ሲያጠናቅቅ ደቡብ አፍሪካ 11 ይዛ ቀረች። ነገሩ ለጥቂት ተረፈ ማለት ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ልዩነቱን ልብ በል። በናይጄሪያው ጨዋታ መገባደጃ ላይ የተሰጠው ፍጹም ቅጣት ምት የአንድ ቅጽበት ንክኪና የአንድ ዳኛ እይታ ውጤት ነው። ያው ጨዋታ ዐሥር ጊዜ ቢደገም ያቺ ቅጽበት በሁሉም ላይ አትመጣም። የቢጫ ካርዱ ጉዳይ ግን መዝገብ በመያዝ ብቻ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነበር። ካርድ የሚቆጥር ሰው እስካልተመደበ ድረስ ያው ስህተት ደግሞ ይመጣል። የመጀመሪያው ዘፈቀዳዊ፣ ሁለተኛው ስልታዊ ነው። በቡና ቤታችን ግን ቁጣው ሁሉ የፈሰሰው በመጀመሪያው ላይ ነበር። «በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንዲሉ፣ ሰው ስህተትን የሚፈልገው ከሽንፈት በኋላ ነው። ባሸነፍን ጊዜ የሠራነውን ስህተት ማን ይመረምራል?

ጎል ብርቅ መሆኑ የሚያመጣው ጣጣ

እግር ኳስ ከሌሎች ጨዋታዎች ይልቅ ለአጋጣሚ የተጋለጠ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ጎል ብርቅ ነው። በቅርጫት ኳስ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ብዙ ዐሥር ነጥቦችን ስለሚያስቆጥር ዕድል እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የተሻለው ቡድንም አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። በእግር ኳስ ግን 90 ደቂቃ ሙሉ ተሩጦ የሚቆጠረው አንድ ወይም ሁለት ጎል ነው።

እንዲህ ያሉ ብርቅ ክስተቶችን የሚገልጽ ሕግ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሲሜዮን ዴኒ ፑአሶን እ.ኤ.አ. በ1837 አሳትሟል። ራዘርፎርድና ጋይገር እ.ኤ.አ. በ1910 ከጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶችን ሲቆጥሩ የቅንጣቶቹ አመጣጥ ይህንኑ ሕግ የሚከተል ሆኖ አግኝተውታል። የጎሎች አመጣጥም ለዚሁ ሕግ በእጅጉ የቀረበ ነው።

እንግዲህ እናስላ። ሀ የሚባል ቡድን በአማካይ 1.5 ጎል፣ ለ የሚባል ቡድን ደግሞ በአማካይ 1 ጎል የማስቆጠር አቅም አላቸው እንበል። ሀ ከለ በግማሽ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ ይህ ትንሽ ብልጫ አይደለም። በፑአሶን ሕግ መሠረት ሁለቱ ሲገናኙ ሀ የማሸነፍ ዕድሉ 49 በመቶ፣ አቻ የመውጣት ዕድሉ 26 በመቶ፣ የመሸነፍ ዕድሉ 25 በመቶ ይሆናል። በግልጽ የሚበልጠው ቡድን ከአራት ጨዋታ አንዱን ይሸነፋል። አሰልጣኙ አልተሳሳተም፤ ተጫዋቹ አልሰነፈም። የጎል ብርቅነት ብቻውን ይህን ያመጣል።

ይህ ጠንካራ ቡድን 30 ጨዋታ ባለው የሊግ ዓመት ውስጥ እንደ ለ ካሉ ቡድኖች ጋር ብቻ ቢጫወት እንኳ፣ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የመሸነፍ ዕጣ የሚገጥመው ከዐሥር ዓመት በሦስቱ ገደማ ነው። ከተጋጣሚዎቹ ጋር እኩል የሆነ፣ ማለትም ሁለቱም ወገኖች በአማካይ አንድ አንድ ጎል የሚያስቆጥሩበት ቡድን ከሆነ ደግሞ፣ በአንድ የውድድር ዓመት ውስጥ ሦስት ተከታታይ ሽንፈት የማየት ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው። ስለዚህ «ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተሸንፏልና ይሂድ» የሚል ደንብ ያወጣ የክለብ ቦርድ ምንም ያላጠፋን አሰልጣኝ በየሁለት ዓመቱ ያባርራል ማለት ነው።

ዘውድና ጎፈር

በክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን አንድ ጨዋታ አጫውታቸዋለሁ፤ አንባቢም ከጓደኞቹ ጋር ሊሞክረው ይችላል። ስድሳ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው የአንድ ብር ሳንቲም ዐሥር ጊዜ ይወረውራሉ። ጎፈር በወጣ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቆጠራል። የሚጠበቀው አማካይ 5 ነው። ሦስትና ከዚያ በታች ያገኙት ከሥልሳው ዐሥር ያህል ይሆናሉ፤ የእነዚህ አማካይ ውጤት 2.6 ገደማ ነው። እነዚህን ዐሥር ተማሪዎች አስነሥቼ ሳንቲማቸውን በሌላ ሳንቲም እንዲቀይሩ አደርግና እንደገና ዐሥር ጊዜ እንዲወረውሩ አዝዛለሁ። በሁለተኛው ዙር የሚጠበቀው አማካያቸው 5 ነው፤ በእጥፍ ገደማ ተሻሻለ ማለት ነው።

«አዲሱ ሳንቲም የተሻለ ነው?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ይስቃል። ሁሉም መልሱን ያውቃል። ሳንቲሙ ባይቀየርም ውጤቱ ይሻሻል ነበር፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ዙር ውጤት እጅግ ዝቅ ያለ አጋጣሚ ነበር፣ የሚከተለው ደግሞ ወደ ተለመደው ይመለሳል። ይህ ክስተት ወደ አማካይ መመለስ ይባላል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር የገለጸው ነው። እጅግ ረጃጅም ወላጆች የሚወልዷቸው ልጆች በአማካይ ከወላጆቻቸው ያጠሩ ሆነው አገኛቸው፤ እጅግ አጫጭር ወላጆችም በአማካይ ከእነርሱ የረዘሙ ልጆች ነበሯቸው።

አሰልጣኝ የሚሰናበተው መቼ እንደሆነ አስቡ። ቡድኑ ከአቅሙ በታች በወረደበት፣ ማለትም ሳንቲሙ ሁለት ወይም ሦስት ጎፈር ባሳየበት ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው አዲስ አሰልጣኝ የሚያገኘው መሻሻል በአብዛኛው ቀድሞም የሚመጣ ነበር። ምስጋናውን ግን አዲሱ ይወስዳል፤ ወቀሳውም በቀድሞው ላይ ይቀራል።

የሐብሩ ማሳና ማነጻጸሪያው

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ መርሳ አካባቢ ስንደርስ የሐብሩን የማሽላና የጤፍ ማሳዎች እናያለን። ዝናቡ ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥበት አገር ነው። በአንድ ክረምት ዝናብ ቀርቶ ማሽላው የከዳው ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ዘር ቢቀይር፣ ያ ዓመትም መልካም ዝናብ ቢኖረው፣ ምርቱ ከፍ ይላል። ገበሬው «አዲሱ ዘር ጥሩ ነው» ይላል። ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያየው ነገር ይህን አያረጋግጥለትም። ምርቱን ያሳደገው ዘሩ ይሁን ዝናቡ አልተለየምና።

በዚያው ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና መሰሎቹ ይህን ችግር የሚፈቱበት መንገድ አለ። አዲሱን ዘር ብቻውን ዘርተው ካለፈው ዓመት ምርት ጋር አያነጻጽሩም። በአንድ ማሳ፣ በአንድ ዝናብ፣ አዲሱንና ነባሩን ዘር ጎን ለጎን በተለያዩ መደቦች ይዘራሉ። መደቦቹ በዕጣ ይመደባሉ፤ ሙከራውም በተለያዩ ቦታዎችና ዓመታት ይደጋገማል። ነባሩ ዘር የተዘራበት መደብ ማነጻጸሪያ ይባላል። ዝናቡ ለሁለቱም እኩል ስለሆነ የሚታየው ልዩነት የዘሩ ይሆናል።

የአሰልጣኝ ጥያቄ ማነጻጸሪያ መደብ የሌለው ሙከራ ነው። ያው ቡድን በአንድ ጊዜ አሰልጣኙን አባሮም አቆይቶም ሊጫወት አይችልም። ሆኖም ሆላንዳዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ባስ ተር ዊል ወደ ማነጻጸሪያ የሚጠጋ ዘዴ ተጠቅሟል። የሆላንድን ሊግ የ1986 – 2004 እ.ኤ.አ. መረጃ ወስዶ፣ ውጤታቸው በአንድ ዓይነት መጠን ያሽቆለቆለ ነገር ግን ገሚሶቹ አሰልጣኝ ያባረሩ፣ ገሚሶቹ ያላባረሩ ክለቦችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ ያባረሩት ክለቦች ከውድቀታቸው አገገሙ፤ ያላባረሩትም እንዲሁ አገገሙ። ማባረሩ የጨመረው ነገር አልተገኘም።

በዚያው ዓመት በጀርመን የሙንስተር ዩኒቨርሲቲ የፊዚካል ኬሚስትሪ ተመራማሪ የሆነው አንድርያስ ሆየርና ባልደረቦቹ የጀርመንን ቡንደስሊጋ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መረመሩ። የሞለኪውሎችን ዘፈቀዳዊ እንቅስቃሴ የሚያጠና ሰው ወደ ኳስ ሜዳ መምጣቱ አያስገርምም፤ ሁለቱም ምልክትን ከጫጫታ መለየትን ይጠይቃሉ። መደምደሚያቸው በውድድር ዓመቱ መካከል አሰልጣኝን ማሰናበት በቡድኑ ቀጣይ አቋም ላይ በመሠረቱ ምንም ለውጥ አያመጣም የሚል ነበር።

ተባሮ ዋንጫ ከተገኘስ?

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። «ተባሮም ዋንጫ ያገኘ ቡድን አለ እኮ!» እውነት ነው፤ ከሁሉ የታወቀውን ምሳሌ ከአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ላምጣ። ቤዝቦል አንዱ ኳስ ወርዋሪ፣ ሌላው በዱላ መቺ የሚሆንበት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የቦስተን ሬድ ሶክስ ቡድን ለፍጻሜው ለማለፍ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር ሰባተኛውን ወሳኝ ጨዋታ አደረገ። 5 ለ 2 እየመራ ሳለ አሰልጣኙ ግሬዲ ሊትል የደከመውን ኳስ ወርዋሪ ፔድሮ ማርቲኔዝን ሳይቀይሩ ቀሩ። ቡድኑ በጭማሪ ዙር 6 ለ 5 ተሸነፈ፤ አሰልጣኙም በዚያው ወር ተሰናበቱ። በቦታቸው የተተኩት ቴሪ ፍራንኮና በማግሥቱ ዓመት ቡድኑን ከ1918 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጀመሪያ ለሆነው ዋንጫ አበቁ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን አለ?

ቁጥሩን እንመርምር። በዋናው ውድድር ቡድኑ ከ162 ጨዋታ በ2003 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 95፣ በ2004 ደግሞ 98 አሸነፈ። ልዩነቱ 3 ነው። ከ162 ጨዋታ የሚመጣ ድል በዕድል ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች 6 ያህል ይወላውላል። ሦስቱ ከዚህ መወላወል ግማሽ ነው፤ እንደ ምልክት ሊቆጠር አይችልም። በዚያ ላይ በክረምቱ የተለወጡት አሰልጣኙ ብቻ አልነበሩም። ኩርት ሺሊንግና ኪት ፎልክ የሚባሉ ሁለት ጠንካራ ኳስ ወርዋሪዎች ተገዝተው ነበር። ዘሩም ዝናቡም አብረው ተቀይረዋል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ አዲሱ ቡድን በያንኪስ 3 ለ 0 ተመርቶ፣ በአራተኛው ጨዋታ በመጨረሻው ዙር በአንድ ነጥብ ሲመራ ቆይቶ ነው የተረፈው። ያች ዙር ወደ ሌላው ብታዘነብል ኖሮ ፍራንኮናም «ይባረሩ» ይባሉ ነበር።

ከዚህ ሌላ ትምህርትም አለ። የሊትል ጥፋት ካለ ጥፋቱ ጨዋታውን መሸነፋቸው ሳይሆን የደከመን ተጫዋች አለመቀየራቸው ነው። ያ ውሳኔ ቡድኑ ቢያሸንፍም እንኳ ሊጠየቁበት የሚገባ ነበር። ውሳኔን በውጤቱ ብቻ መመዘን፣ በድፍን ጨለማ መብራት ሳያበራ ነድቶ በሰላም ቤቱ የገባን ሾፌር «ጎበዝ» ብሎ ማመስገን ነው።

ወደ ዋሊያዎቹ ስንመለስ

አሰልጣኝ ሰውነት ከናይጄሪያው ሽንፈት በኋላ ወዲያው አልተሰናበቱም። የተሰናበቱት በዚያው በ2006 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ከተካሄደው የአፍሪካ አገራት ሻምፒዮና፣ ቻን ከሚባለው ውድድር መልስ ነው። ቡድኑ በሊቢያ 2 ለ 0፣ በኮንጎና በጋና 1 ለ 0 ተሸንፎ ያለ ጎል ተመለሰ። ሦስት ጨዋታ ያለ ጎል መውጣት በአማካይ አንድ ጎል ለሚያስቆጥር ቡድን 5 በመቶ ዕድል ያለው ክስተት ነው፤ ስለዚህ ከናይጄሪያው ሽንፈት የበለጠ ክብደት አለው። ነገር ግን ቻን በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት ውድድር ነው። በውጭ አገር ይጫወቱ የነበሩት እንደ ሳላዲን ሰኢድና ጌታነህ ከበደ ያሉ አጥቂዎች አልነበሩም። መለኪያው ሌላ፣ የሚለካውም ቡድን ሌላ ነበር።

በቦታው የተተኩት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ለ2015ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከአልጄሪያ፣ ከማሊና ከማላዊ ጋር ካደረጓቸው ስድስት ጨዋታዎች አንዱን አሸንፈው፣ በአንዱ አቻ ወጥተው፣ አራቱን ተሸነፉ። እዚህ ላይ «አየህ! መባረር አልነበረባቸውም» ማለት ይቀናን ይሆናል። እንዲህ ብንል ግን የነቀፍነውን ስህተት ራሳችን ደገምነው። ስድስት ጨዋታ ለባሬቶም ጥቂት ነው፤ ተጋጣሚዎቹም ከቀድሞዎቹ የከበዱ ነበሩ። በተመሳሳይ የአሰልጣኝ ሰውነት ስኬትም ዕድል አልነካውም አይባልም። በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ቀን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ያለፍነው በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከሜዳ ውጭ ባስቆጠርነው ጎል ብልጫ ነው። ሚዛን ለሁለቱም ወገን እኩል ካልሆነ ሚዛን አይባልም።

ከዚያ ወዲያ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ብሔራዊ ቡድኑን ባሬቶን ጨምሮ ስድስት አሰልጣኞች መርተውታል። ከስድስቱ የመጨረሻው አሰልጣኝ ውበቱ አባተ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ቡድኑን እንደገና ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁ። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ግን ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው በ2005ቱ ዋንጫ 16 ቡድኖች፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ግን 24 ቡድኖች የሚሳተፉ መሆኑን ማስታወስ አለበት። በሩ ሰፍቷል።

ታዲያ መቼ ይሰናበት?

ከዚህ ሁሉ «አሰልጣኝ ምንም ቢያደርግ አይነካ» የሚል ድምዳሜ አይወጣም። የአንድ ሽንፈት ክብደት ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት እንችላለን። 200 አሰልጣኞች አሉ እንበል፤ 100ው ብቁ፣ 100ው ብቁ ያልሆኑ ናቸው። ከጠንካራ ቡድን ጋር ሲገጥሙ ከብቁዎቹ 50ው፣ ብቁ ካልሆኑት 65ቱ ይሸነፋሉ። ከተሸነፉት 115 አሰልጣኞች ውስጥ ብቁ ያልሆኑት 65 ናቸው፤ ይህም 57 በመቶ ያህል ነው። ከጨዋታው በፊት 50 በመቶ የነበረው ጥርጣሬያችን ከሽንፈቱ በኋላ 57 ሆነ ማለት ነው። በዚህች ሰባት ነጥብ ላይ ተመሥርቶ ሰውን ከእንጀራው መንቀል ፍርድ አይደለም። ዐሥር ጨዋታ በተከታታይ ቢሸነፍ ግን ያው ስሌት ጥርጣሬውን ወደ 93 በመቶ ያደርሰዋል፤ ያኔ ማስረጃው ይናገራል።

ዐሥር ሽንፈት መጠበቅ ለማይቻልበት ሁኔታ ደግሞ ከጎል ይልቅ በብዛት የሚቆጠሩ ነገሮችን መመልከት ይሻላል። ቡድኑ ስንት ጊዜ ወደ ጎል ሞከረ? ስንት ጊዜ ተሞከረበት? ተጫዋቾቹ በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ይሮጣሉ ወይስ ይደክማሉ? የተሰለፉት በአቋማቸው ነው ወይስ በስማቸው? ካርድ የሚቆጥር ሰው አለ? እነዚህ ከአጋጣሚ ይልቅ ለሥራ የቀረቡ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መመዘኛው ከጨዋታው በፊት ይጻፍ። ከሽንፈት በኋላ የሚወጣ መመዘኛ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ቀስቱን ወርውሮ በተተከለበት ቦታ ዙሪያ ክብ እንደሚሥል ሰው ማለት ነው።

ይህ ለወልድያም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የከተማችን ክለብ በ2007 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊግ ወርዶ፣ ተመልሶ አድጎ፣ በ2010 ዓ.ም. እንደገና ወርዷል። በሁለቱም ጊዜ በከተማው የተነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ይባረር?» የሚል ነበር። «ምን ይታረም?» የሚለው ጥያቄ ተከትሎ ቢመጣም ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። በአንድ ዓመት የፈተና ውጤት ርዕሰ መምህርን የምናነሣ፣ በአንድ ክረምት ምርት የግብርና ባለሙያን የምንወቅስ፣ በአንድ ፈተና ወድቀን «ይህ ትምህርት አይሆነኝም» ብለን የምንተው ሁሉ ያንኑ እያደረግን ነው።

አዛውንቱ ዛሬ ቢጠይቁኝ መልሴ ይህ ነው፤ አባቴ፣ በናይጄሪያ መሸነፋቸው ብቻውን አሰልጣኙን አያስባርርም። የጠፉት ሦስት ነጥቦች ግን ያስጠይቃሉ፤ እርሳቸውንም፣ ከእርሳቸው በላይ ያሉትንም። አሰልጣኙ ቢሄዱ እንኳ፣ ካርድ የሚቆጥር ሰው ሳይመደብ አዲስ ሰው ማምጣት የክሩን ርዝመት ሳያርሙ ሰዓት መቀየር ነው።